መሮው ይቆይ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ግድግዳ ላይ ቡናማ ነገር ብቅ ሲል መጀመሪያ ጎረቤት ይሰበሰባል። ቀጥሎ አስተያየት ይዘንባል። ከዚያ መሮና መዶሻ የያዘ ልጅ ይመጣል። ሴራሚኩን በጣቱ ኳ ኳ ያደርገዋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ «እዚህ ጋ ነው» ይላል። በምን እንዳወቀ የሚጠይቀው የለም። ከሰዓት በኋላ ሻወር ቤቱ ፍርስራሽ ይሆናል፤ ማታ ውሃው በሌላ በኩል ይንጠባጠባል።

እኔ መሮ ከመግባቱ በፊት ካላንደር ይግባ ባይ ነኝ። «የት ነው የሚያፈሰው?» ከመባሉ በፊት «መቼ ነው የሚብሰው?» ይጠየቅልኝ። ውሃ ስለ ቦታ ይዋሻል። ስለ ሰዓት ሲዋሽ ግን እስካሁን አላየሁም።

ለምን ስለ ቦታ እንደሚዋሽ ልንገራችሁ። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ብዙዎቹ ሶሌታቸው፣ በፎቅና በፎቅ መሀል ያለው ወለል ማለቴ ነው፣ አንድ ወጥ አርማታ አይደለም። ቀድመው የተመረቱ ቀጫጭን ቢሞች ራቅ ራቅ ብለው ይደረደራሉ፣ በመሀላቸው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ይገባል፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት ይፈስበታል። ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲጀመር ወጪ ለመቆጠብ የተመረጠ አሠራር ነው። ለኪስ ጥሩ ነው። ለውሃም መንገድ ይከፍትለታል። ከላይ የገባው ውሃ የአንዱን ብሎኬት ሆድ ይሞላል፣ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል፣ ቢሙን ተከትሎ ይሄድና ቀዳዳ ባገኘበት ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቀዳዳ ለመብራት ገመድ የተበሳው ነው። ሶሌታ ውስጥ የገባ ውሃ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ነው፤ የተሳፈረበትና «ወራጅ አለ» የሚልበት ለየቅል ነው።

በነገራችን ላይ ውሃው በአምፖል በኩል ከወጣ ስለ ቧንቧ ማሰቡን ተዉትና የዚያን ክፍል ብሬከር አውርዱ። ባልዲ ማስቀመጡ ከዚያ በኋላ ነው።

የእኔ ጉዳይ የጀመረው መኝታ ቤት ነው፣ ከሻወር ቤቱ ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር። መጀመሪያ ቀለሙ አበጠ። በጣቴ ጫን ሳደርገው ውስጡ ባዶ ነው። ቀጥሎ ዳር ዳሩን ነጭ ዱቄት አወጣ። ሰው ይህን «ጨው» ይለዋል፣ አልተሳሳተም። ውሃው በብሎኬቱና በልስኑ ውስጥ ሲያልፍ የሟሟ ማዕድን ይዞ ይወጣል። ውሃው ሲተን ማዕድኑ ፊት ለፊት ይቀራል። ስለዚህ ነጭ ዱቄት ያያችሁበት ግድግዳ ብዙ ጊዜ አንዴ ረጥቦ የተወ አይደለም። ውሃው እየተመላለሰበት ነው ማለት ነው። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ደግሞ ሻጋታ ይዟል። ልብሱ ሁሉ ሽታ ሽታ ይል ጀመር።

ፍርዱ ቶሎ ተሰጠ። «የላይኛው ቤት ሻወር ነው።» ከእኔ በላይ የምትኖረው አንዲት እትዬ ከልጅ ልጇ ጋር ናት። ኮሚቴው ሄዶ አነጋገራት። ሳኒተሪ ሠራተኛም መጥቶ የሻወሯን ወለል ከነሴራሚኩ አንስቶ አዲስ ዋተር ፕሩፍ መሥራት እንዳለባት ነገራት። የጠራው ዋጋ ለጡረተኛ አይነገርም። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አገኘችኝና እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦ «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ገላዬን በሳፋ መታጠብ ከጀመርኩ ሰነበትኩ። ሻወሩን ከፍቼው አላውቅም። አሁንም ታፈሳለች ይሉኛል።»

ይህን ስሰማ ነገሩ አልገጥም አለኝ። ሻወሩ ካልተከፈተ ግድግዳዬን የሚያረጥበው ምንድነው?

ሁለተኛው ሳኒተሪ ሠራተኛ እድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ግድግዳውን አየት አደረጉና ቁጭ አሉ። ቡና ቀረበ። ከዚያ የጠየቁኝ ስለ ግድግዳው አልነበረም።

«ልጄ፣ ውሃ የሚመጣላችሁ መቼ መቼ ነው?»

«በፈረቃ ነው ጋሼ። በሳምንት የተወሰነ ቀን፣ እሱም ሌሊት።»

«ይሄስ የሚብስብሽ መቼ ነው?»

አላውቀውም። እርሳስ አውጥተው የእርጥቡን ዳር ዙሪያውን አሰመሩበትና ቀኑን ከጎኑ ጻፉ። «ጠዋት ጠዋት እያየሽ አስምሪ። ውሃ የመጣ ቀን ‹ው› በይበት። እትዬ ልብስ ያጠቡ ቀንም ጻፊ። ዝናብ ከዘነበም ጻፊ። ከዚያ ደውይልኝ።» ሂሳብም አልተቀበሉኝ።

መስመሮቹ ሲበዙ ግድግዳው ራሱ ማስታወሻ ደብተር ሆነ። ውሃ ሌሊት ከመጣ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እርጥበቱ ከመስመሩ ያልፋል። ፈረቃው ሲያልፍ ደግሞ ቀስ እያለ ይሰበሰባል። እትዬ ልብስ ስታጥብ ምንም ለውጥ የለም። አንድ ቅዳሜ ዘመዶቿ መጥተው ቤቱ ሙሉ ሆኖ ውሏል፣ ሻወሩም ሠርቷል። መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ላይ የከተማችን የውሃ ነገር ጠቃሚ ሆኖ ይገኛል። ውሃ በማይቋረጥበት አገር ቧንቧ ሁልጊዜ ግፊት ላይ ስለሆነ የሚያፈስ መስመር ሁልጊዜ ያፈስሳል፣ በሰዓት ለመለየት ያስቸግራል። እኛ ጋ ፈረቃው ራሱ መርማሪ ነው። ከቆጣሪው ተነስቶ ወደ ሮቶ የሚወጣው መስመር ግፊት የሚያገኘው ውሃ በመጣበት ሌሊት ብቻ ነው። ሌሊት ደግሞ ሰው ስለሚተኛና ፍጆታው ስለሚቀንስ ግፊቱ ከቀን ይልቅ ይበረታል። ቀን ደህና የነበረ መገጣጠሚያ ሌሊት የሚያለቅሰው ለዚህ ነው። ከሮቶ ወደ ቤት የሚወርደው መስመር ግን ሮቶው ባዶ እስካልሆነ ድረስ ሰባቱንም ቀን ውሃ አለበት። ግፊቱ ትንሽ ነው፣ በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ገደማ። የእሱ እርጥበት አይጨምርም አይቀንስም፣ ዝም ብሎ ይኖራል።

የፍሳሽ መስመር ሲሆን እርጥበቱ የሚከተለው ሰው ነው። አንድ ሰው ሲታጠብ ወይም ሲንኩን ሲለቅ ይመጣል፣ ሽታም ይኖረዋል። ጣሪያና የመስኮት ዳር ከሆነ የሚከተለው ሰማዩን ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያብጣል፣ ጥቅምት ላይ ይረሳል። የሚያስቸግረው የፍሳሽና የፈረቃ ጉዳይ ሲደራረብ ነው። ውሃ በመጣ ቀን ሰው ሁሉ ልብስ ያጥባል፣ ወለል ያጥባል። ጋሼ «እትዬ ያጠቡበትንም ጻፊ» ያሉት ሁለቱን ለመለየት ኖሯል።

አንዳንዱ እርጥበት ደግሞ ከሚያፈስ ነገር የመጣም አይደለም። መስኮት የሌለው ሻወር ቤት ከቀዝቃዛ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ እንፋሎቱ እዚያው ጠል ይሆናል። ይህን ለመለየት አንድ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ በፕላስተር አራቱንም ጎኑን አሽጎ መለጠፍና አንድ ሁለት ቀን መተው ነው። ከላስቲኩ ጀርባ ከረጠበ ውሃው ከግድግዳው ነው። በክፍሉ በኩል ያለው ፊቱ ከረጠበ መስኮት ክፈቱ፤ ሳኒተሪ ሠራተኛ አያስፈልጋችሁም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አሁን ውሃው ወደ ላይ ከሚወጣ መስመር እንደሆነ ታውቋል። የማን መስመር ነው? በእኛ ብሎክ የሁሉም ቤት ቆጣሪ ምድር ላይ ብረት ሳጥን ውስጥ ተደርድሯል። ከእያንዳንዱ አንድ ቧንቧ ይነሳና ቧንቧዎች በሚያልፉበት በጋራው ሻፍት ውስጥ ወደየፎቁ ይወጣል። የቤት ቁጥር የተጻፈባቸው ጥቂት ናቸው። የተጻፈውም ደብዝዟል።

ቆጣሪውን ማንበብ ከባድ አይደለም። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ ናቸው፣ ክፍያ የሚታሰበው በእነሱ ነው። ቀዮቹ ሊትር ይነግራሉ። መሀል ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ወይም ኮከብ አለች። ክር የምታክል ውሃ ካለፈችም ትዞራለች። ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሮቶው ሞልቶ ፍሎተሩ ከዘጋ በኋላ እሷ መቆም አለባት። ካልቆመች ከቆጣሪው ወዲህ የሆነ ቦታ ውሃ እየወጣ ነው።

ስለዚህ ውሃ የሚመጣበትን ሌሊት ጠብቀን ከኮሚቴው ሰብሳቢና ከጥበቃው ጋር ሳጥኑን ከፈትን። ችግሩ ሰው ነው። ውሃ የመጣ ሌሊት ማን ይተኛል? አንዱ ጄሪካን ይሞላል፣ አንዱ ምንጣፍ ያጥባል። የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «እባካችሁ ለግማሽ ሰዓት ማንም ቧንቧ እንዳይከፍት» ብዬ ጻፍኩ። የመጣው መልስ እዚህ አይጻፍም። አንዷ ግን በጥሩ ቋንቋ ጠየቀችኝ፦ «ውሃ ሳይመጣ አትክፈቱ በሉን፣ ሲመጣ ለምን ትከለክሉናላችሁ?» እውነቷን ነው።

በስልክ መብራት እያየን ቆምን። ሮቶዎቹ አንድ በአንድ ሞሉ። ሦስት ማዕዘኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። አንዷ ብቻ አልቆመችም። ቀስ እያለች፣ አረፍ እያለች ትዞራለች። ቧንቧውን በእጃችን ተከትለን እስከ ሻፍቱ ድረስ ሄድን። የአራተኛው ፎቅ ናት። ከእትዬ ቤት ጋር ምንም ግንኙነት የላትም። በእኔ ግድግዳ ጎን ለጎን አልፋ፣ የእትዬን ቤት ዘላ ወደ ላይ የምትሄድ መስመር ናት።

አራተኛ ፎቅ ያሉት ተከራዮች ናቸው፣ ወጣት ባልና ሚስት። የውሃ ቢል እንደተወደደባቸው ያውቁ ነበር። ግን «ቆጣሪው አየር ነው የሚቆጥረው» ተብለው አምነው ከፍለዋል። ይህ አየር የሚባለው ነገር ፈጠራ አይደለም። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው ውስጥ የነበረው አየር ተገፍቶ ሲወጣ ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል። ግን አየር ሲያልቅ ቆጣሪው ያርፋል፣ የፈረቃውን ሌሊት ሙሉ አይሽከረከርም። ትንሽ የሚመስለው ጠብታም ሂሳቡ ትንሽ አይደለም። በየሰከንዱ አንዴ የሚንጠባጠብ ቧንቧ በ24 ሰዓት ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጄሪካን ለመሙላት ብዙም አይቀረው።

ለማረጋገጥ በቀጣዩ ፈረቃ የእነሱን መዝጊያ ከታች ዘጋነው። ለመጠጥና ለማብሰያ ከእኔ ሮቶ ቀዱ። ግድግዳዬ ያን ሳምንት አዲስ መስመር አላስፈለገውም።

መሮው የገባው ከዚህ በኋላ ነው። ጋሼ ከሻፍቱ በኩል አንድ ብሎኬት ብቻ አነሱ። የእኔ ሴራሚክ አልተነካም፣ የእትዬም። እጃቸውን አስገብተው ዳሰሱና «ነይ እይ» አሉኝ። አሮጌው የብረት ቧንቧ ከአዲሱ ፒፒአር፣ ከፕላስቲኩ ቧንቧ፣ ጋር የሚገናኝበት ክርን ነው። ፒፒአሩ ጫፍ ላይ ጥርስ ያለው የናስ ቀለበት አለ፣ ብረቱ እሱ ውስጥ ነው የሚጠብቀው። ከቀለበቱ ዙሪያ ፕላስቲኩ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። ብርሃን በጎን ካልመታት አትታይም። መስመሩ ባዶ ሲሆን ስንጥቋ ትገጥማለች። ግፊት ሲመጣ ከፈት ትላለች።

«ቃጫ አብዝቶበት ነው» አሉ ጋሼ። «እንዳያፈስ ብሎ ቃጫ ይጠቀልላል፣ ከዚያ በቁልፍ ባለ በሌለ ኃይሉ ያጠብቀዋል። ያን ቀን አያፈስም። ፕላስቲኩ ግን ተወጥሮ ይቆይና ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል።» የሠራውን ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ቤቱ ከተረከቡት ወዲህ ስንት እጅ ገብቶበታል።

አበያየዱንም ቆሜ አየሁ። ፒፒአር የሚበየደው በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ማሽን ነው። 20 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ 5 ሰከንድ ያህል ይሞቅና ወዲያው ይገጠማል፣ ሳይጣመም፣ ሳይዞር። ብዙ ካሞቁት የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ያጠበዋል። ትንሽ ካሞቁት አይያያዝም። ዋናው ደግሞ ደረቅ መሆን አለበት። ጠብታ ያለበት ጫፍ ላይ የተበየደ ቧንቧ ለጊዜው የያዘ ይመስላል እንጂ ከፈረቃ ሌሊት አያልፍም። ጋሼ ከታች ከዘጉ በኋላ ከላይም ከፍተው ውሃው ጨርሶ እስኪወርድ ጠበቁ፣ ከዚያ የቧንቧውን ውስጥ በጨርቅ ጠረጉት። ይህ ጥበቃ ነው ችኩል ሰው የሚዘለው።

ቀዳዳውን ያን ቀን አልዘጋንም። በዚህ ላይ ክርክር ነበር፤ ሰብሳቢው ጠዋቱኑ ይለሰን ብሏል። ጋሼ አሻፈረኝ አሉ። ውሃ መጥቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ግፊት ላይ አድሮ፣ ሄዶ፣ እንደገና መጥቶ እስኪታይ ክፍት ይቆይ ነው ያሉት። ደረቅ ጨርቅ ከክርኑ ሥር አስቀመጥን። ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ሲያድር አስለሰንነው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ስለ ጤና። የሚያፈስ ቧንቧ ውሃ የሚያስወጣ ብቻ እየመሰለን እንዘናጋለን። ፈረቃ ባለበት ከተማ ግን ውሃው ሲቋረጥ መስመሩ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ታች ሲወርድ ከኋላው ይስባል። ያኔ ስንጥቁ ያስገባል። ቧንቧው የሚያልፈው ከፍሳሽ መስመር አጠገብ ወይም ቆሻሻ ውሃ ባቆረ አፈር ውስጥ ከሆነ ምን እንደሚገባ መገመት አያስቸግርም። ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ለመጠጥ አትቅዱ የሚባለው አጉል ጥንቃቄ አይደለም።

የክፍያው ነገር የራሱ ታሪክ አለው። የአራተኛ ፎቁ ባለቤት ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። በድምፅ መልእክት መጀመሪያ ያለኝ «እናንተ ጋ ያፈሰሰው የእኔ ለመሆኑ በምን አውቃለሁ?» ነው። አልተቀየምኩትም። እኔም እሱን ብሆን እጠይቃለሁ። የቆጣሪውን ቪዲዮ ላክሁለት፤ ሌሎቹ ቆመው የእሱ ስትዞር፣ ከዚያ ከጥገናው በኋላ ቆማ። የእርሳሱን መስመሮችም ፎቶ ላክሁ። የቧንቧውን ሙሉ ከፈለ። የእኔን ግድግዳ ግን «እሱን ማህበሩን ጠይቂ» አለ። የጋራ ሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ የቤት ባለቤቶች ማህበር እንዲኖር፣ የጋራውን ክፍል ማህበሩ እንዲያስተዳድርና እንዲጠግን ይላል። ሻፍቱ የጋራ ነው። በሻፍቱ ውስጥ የሚያልፈው የአንድ ቤት ቧንቧ ግን? ስብሰባ ላይ ስንት ሰው እንዳለ፣ ያን ያህል አስተያየት ነበር። በመጨረሻ ማህበሩ የልስኑን፣ እኔ የቀለሙን ያዝን።

ቀለሙን ገና አልቀባሁም። የረጠበ ግድግዳ ከላይ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ጀሶው ከለሰለሰ ደግሞ ተፍቆ መነሳት አለበት። ቸኩሎ በዘይት ቀለም የሚሸፍነው ሰው እርጥበቱን ውስጥ ያሽገዋል። እርጥበቱ ሶሌታ ውስጥ ሲታሸግ ፌሮው ይዝጋል፤ ዝገት ከብረቱ በላይ ቦታ ስለሚፈልግ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል። ከኮርኒስ ላይ ልስኑ ወድቆ ቀይ ብረት የሚታይበት ቤት ካያችሁ እዚህ ደረጃ ደርሷል።

ለዚህም ነው ቤት ልከራይ የምትል እህቴን አንድ ነገር የምነግራት። ሦስቱ ግድግዳ አሮጌ ቀለም ሆኖ አንዱ ብቻ አዲስ ከተቀባ እዚያ ጋ ቁሚ። ቁም ሳጥኑን ክፈቺና አሽቺ። የሻወር ቤቱን የበር መቃን ከሥሩ እዪው፣ እንጨት ካበጠ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ነው። ስትጨርሺ የሽንት ቤቱን ፍላሽ አዳምጪ። ፍላሽ ድምፅ ሳያሰማም ሊያፈስ ይችላል፣ የሚያፈሰው ወደ ሳህኑ ስለሆነ ግድግዳ አያረጥብም፣ ቢል ላይ ብቻ ነው የሚታየው። ቀይ ሥር ጨምቀሽ ታንከሩ ውስጥ ጨምሪና ሳትለቂው አንድ ሃያ ደቂቃ ቆዪ። ሳህኑ ከቀላ ጎማው አልቋል። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ራስሽ ትቀይሪዋለሽ።

እትዬን ኮሚቴው ይቅርታ ጠይቋታል። እሷ «እናንተ ምን ታደርጉ» ብላ ቡና አፈላች፤ ሰብሳቢውን ግን አሁንም ደረጃ ላይ ስታገኘው ፊቷን ታዞራለች። መብቷ ነው።

አሁን ሥራ የያዝነው ከታች ነው። ከጥበቃው ጋር ሆነን በየፈረቃው ሌሊት አንድ አንድ መዝጊያ እየዘጋን፣ «የማን ጠፋ?» እያልን ግሩፑ ላይ እየጠየቅን፣ በእያንዳንዱ ቆጣሪ ላይ የቤት ቁጥር በቀይ ቀለም እየጻፍን ነው። ጨርሰናል ማለት ይቻላል። ሁለቱን ብንዘጋቸው ግን «የኔ ነው» ያለ ሰው የለም። አንደኛዋ ደግሞ ትዞራለች።